ጠብታው ያቋረጠበት ድንጋይ

ጡረታ ወጥቼ ላሊበላ የገባሁ ሰሞን እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ይጠይቁኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አዲስ አበባ ምን ስትሠሪ ኖርሽ? ድንጋይ ስቆርጥ፣ እላቸዋለሁ። እርስ በርስ ይተያያሉ። አንድ ቀን የታላቅ እኅቴ ባል፣ ዕድሜውን ሙሉ ሆቴል ሲያስተዳድር የኖረው ሰውዬ፣ የሁሉንም ሐሳብ አወጣው። «ድንጋይ ለመቁረጥ ከላሊበላ ተነሥቶ አዲስ አበባ መሄድ፣ ከጣና ዳር ተነሥቶ ውሃ ፍለጋ እንደ መውጣት ነው» አለ።

አባባሉ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ደግሞም አልተሳሳተም። እዚህ አገር አባቶቻችን ከአለት ቤተ ክርስቲያን ፈልፍለው አወጡ፤ እኔ ከድንጋይ ያወጣሁት ዱቄት ነው፣ ያውም ለአንድ ወጥ ከሚበቃ ጨው ያነሰ። ግን ያ ዱቄት ሰው ጽሕፈት ሳያውቅ በፊት ዝናብ መቼ እንደ ዘነበና መቼ እንደ ቀረ ይናገራል። ሥራዬ እሱን ማናገር ነበር። ወድጄው ሠራሁት፣ ጠግቤም ወጣሁ። ሳልፈጽመው የቀረ አንድ ቃል ብቻ ነበረኝ፤ ይህን የምጽፈውም በዋናነት ስለዚያ ቃል ነው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የእምነ በረድ መቁረጫ ቤት ነው። አጎቴ እዚያ ዘበኛ ነበር፣ እሱ አስገባኝ። ሴት መጋዝ ላይ አትቆምም ተብሎ መጀመሪያ የተሰጠኝ የተቆረጠውን ድንጋይ ማጠብ ነው። ማጠብ ብዙ ያስተምራል። ድንጋይ ሲደርቅ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ሲረጥብ ግን ስንጥቁም፣ ሥሩም፣ የተደበቀ ቀለሙም ይወጣል። ቆይቶ ከቆራጮቹ አንዱ ሲታመም ተተካሁበት፤ ድኖ ሲመጣም ቦታውን አልለቀቅሁለትም።

ጋሽ በየነን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። የመሬት ሳይንስ መምህር ናቸው፣ ዶክተር። ነገር ግን «ዶክተር» ብሎ የሚጠራቸው ሰው ሲኖር ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዞር ብለው ያያሉ፤ ስለዚህ ሁላችንም ጋሽ በየነ ነው የምንላቸው። አንድ ጠዋት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው መጡ። ሲፈቱት የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ክብ ነጭ ድንጋይ ነው። ከመቁረጤ በፊት በመጋዙ ቀይ ድንጋይ ቆርጬ ስለነበር ምላጩን አጠብኩ። እንደገና እንዳጥበው ጠየቁኝ፤ አጠብኩ። ሦስተኛውን ሳይጠይቁኝ አጠብኩት። ድንጋዩን ተቀብለው ሲወጡ በር ላይ ቆም አሉና፣ ከዚህ የባሰ ብርድና ከዚህ የባሰ አቧራ ያለበት ሥራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፣ ትመጫለሽ ወይ አሉኝ። ደመወዙ ያንስ ነበር። ሄድኩ።

ስለ ድንጋዩ ትንሽ ልናገር፤ ካልነገርኩ የቀረው አይገባም። የዝናብ ውሃ በአፈርና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ ኖራውን በትንሹ አሟሙቶ ይዞት ይወርዳል። የዋሻ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ጠብ ይላል። ጠብ ባለበት ቦታ ውሃው ይሄዳል፣ ኖራው ይቀራል። ይህ ነገር በሺህ ለሚቆጠር ዓመት ሲደጋገም ከወለሉ ወደ ላይ የሚያድግ ድንጋይ ይበቅላል። ሳይንሱ ስታላግማይት ይለዋል፤ እኛ በመካከላችን ሻማ ነበር የምንለው። ለሁለት ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው፤ ዝናብ የጠገበ ዘመን ንብርብርና ዝናብ የቸገረው ዘመን ንብርብር አይመሳሰሉም። ዕድሜውስ እንዴት ይታወቃል ለሚለኝ፣ ውሃው ዩራኒየም የሚባለውን ነገር እጅግ በትንሹ ይዞ ይመጣል። ዩራኒየሙ ድንጋዩ ውስጥ ታሽጎ በዝግታ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ምን ያህሉ እንደ ተለወጠና ምን ያህሉ እንደ ቀረ ሲለካ፣ ያ ንብርብር መቼ እንደ ተነጠፈ ይታወቃል። ባጭሩ ሻማው የሚያድገው ሰዓት በኪሱ ይዞ ነው።

የእኔ ድርሻ ድንጋዩን ልክ በመሐሉ ሰንጥቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ ልስልሱ እያፈራረቁ ማለስለስ፣ ከዚያ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ንብርብሩን ተከትሎ ዱቄት ማውጣት ነበር። ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ከተሻገርኩ የሁለት ዘመን ዝናብ ቀላቀልኩ ማለት ነው። እጄ ረግቶ የሚውለው ጠዋት ጠዋት ስለሆነ፣ ከምሳ በፊት ማንም እንዳያናግረኝ በሩ ላይ ለጥፌ ነበር። በዚህ የተነሣ ኩሩ ነች ተብያለሁ። ይበሉ።

ሥራውን ስጀምር ብዙ ሰው የአየር ንብረትን እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ የሚራመድ ነገር አድርጎ ነበር የሚያስበው። ሻማዎቹ ሌላ ነገር አሳዩን። ከዐሥር ሺህ ዓመት በላይ በፊት፣ በበረዶው ዘመን መጨረሻ አካባቢ ዝናቡ በድንገት የቀረበት፣ ከብዙ ትውልድ በኋላም በድንገት የተመለሰበት ጊዜ አለ። በድንገት ስል በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ማለቴ ነው። በልጅነቱ ወንዝ የተሻገረ ሰው በእርጅናው አሸዋ ይሻገራል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ መሰርሰሪያ ሥር ሳየው ፈራሁ፤ ድንጋዩን ሸፍኜ ወጥቼ ፀሐይ ሞቅሁ።

ጋሽ በየነ የራሳቸው አመል ነበራቸው። ዋሻ ደጃፍ ሲደርሱ ቸኩለው አይገቡም፤ የአካባቢው ሰው መጥቶ ሰላም እስኪላቸው ድረስ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ውሃ እየጠባ የሚያድገውን ሻማ አይሰብሩም፤ የወደቀ ይፈልጋሉ። የወደቀውን ከማንሳታቸው በፊት ወደ ሰማይ የነበረው ጫፍ የትኛው እንደሆነ በእርሳስ ቀስት ይስሉበታል። እኔ ሰንጥቄ ስጨርስ ድንጋዩ ረጥቦ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ እሳቸውም እስከ ማግስቱ ምንም አይናገሩም፤ እኛም እንድንናገር አይፈቅዱም። ማግስቱን ሁሉም ያየውን ይናገራል፣ እሳቸው የሚመልሱት አንድ ነው፦ «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ለሁሉ ነገር ይህን ይላሉ። አንድ ጊዜ አርፍጄ ገብቼ ታክሲ አጣሁ ብል፣ ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል አሉኝ። እንቅልፍ ነበር።

ከሳቸው ጋር ብዙ ዋሻ ገባሁ። የሐረርጌን የኖራ ዋሻዎች በሌሊት ወፍ ኩስ ውስጥ እየተንፏቀቅን አየናቸው፤ በትግራይ በኩል በገመድ የወረድኩበት አንዱ ጉድጓድ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። አለቆችም ተፈራርቀውብናል። ደህና ነበሩ፤ አቧራ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠውን ወተት ድንጋይ ቆራጭ ይመለከታል ወይስ አይመለከትም በሚል ስብሰባ የጠራውን አንዱን ካልቆጠርነው።

ላስታ ግን የኖራ አገር አይደለም፤ ከእግር እስከ ራሱ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው። ጋሽ በየነም አገርሽ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ድንጋይ እንጂ ለእኛ የሚሆን የለውም እያሉ ይተርቡኝ ነበር። አንድ ዓመት ለገና ላሊበላ አብረን መጣን። ከበዓሉ በኋላ ይምርሐነ ክርስቶስን ተሳልመን ወደ ብልባላ ገበያ ወጣን። እዚያ አንዲት ሴት ገንቦ ይዛ ቁጭ ብላለች። ሳልፍ የገንቦውን አፍ አየሁት፤ ጠርዙና ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተለብጧል፣ ብዙ ዘመን ውሃ እንደ ተፈላበት ድስት። ቆምኩ። ይህ ውሃ ከየት ነው ብላት፣ ከነጭ ውሃ ዋሻ የተቀዳ ጸበል ነው አለችኝ። ወደ ዋሻው የመራን ገንቦ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

በማግስቱ ሄድን። በሁለት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች መካከል አንድ ቀጭን ነጭ መስመር አለ፤ የድሮ ሐይቅ ወለል ኖሯል፣ ወደ ኖራ ድንጋይ ተለውጦ። ዋሻው የተፈለፈለው እሱ ውስጥ ነው። ጋሽ በየነ ነጩን መስመር በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዋሻው መሐል ወገብ የሚደርስ ሻማ ቆሟል፤ ከጣሪያው ጠብ የሚለው ውሃ የሚያርፈው በሱ አናት ላይ ነው። አናቱ ላይ ከሣር በተገመደ ማስቀመጫ አንድ ገንቦ ተቀምጧል። ጸበሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

የዋሻው ጠባቂ አባ ኪሮስ ይባላሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው አባቴን ያውቁታል፣ ቀብሩም ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የእንግዳ ነገር መሆኑ ቀረ። የምንፈልገውን ነገርናቸው፤ ጥግ ላይ ወድቆ የተኛውን ድንጋይ ብቻ፣ እሱንም ከፈቀዱልን። አባ ወደ ጥጉ ሄደው ድንጋዩን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ውሰዱት» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ድንጋዩን አልሻም። የሚነግራችሁን ግን ይዛችሁልኝ ኑ። ይኸ ውሃ ኸዚህ በፊት ቆሞ ያውቃል ወይ? ቆሞስ እንደሆነ ተመልሷል ወይ?»

ለጨዋታ የጠየቁት አልነበረም። ጠብታው ከልጅነታቸው ጀምሮ እየሳሳ መጥቷል። ሰዉና ከብቱ የሚጠጣው ከዋሻው በታች ያለው ምንጭ የሚነሣው ከዚያው ከነጩ መስመር ስለሆነ፣ ጠብታው ሲሳሳ ምንጩም ይሳሳል። ቤታቸውን ዘግተው ጋሸና ከተማ ወርደው ምግብ ቤት የተቀጠሩ አሉ፤ ሌሎቹም ልባቸው ተነሥቷል። አባ ሂዱም እንዳይሉ ቆዩም እንዳይሉ ጨነቃቸው። ጋሽ በየነ ወደ እኔ ዞረው የአገርሽ ሰው ናቸውና ቃሉን አንቺ ስጪ አሉኝ። ይዤ እመለሳለሁ አልኳቸው፤ የአባ ኪሮስንም መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

ያ ድንጋይ አሳፈረኝ። መጋዙ ገና ሲነካው ድምፁ አልጣመኝም። ደህና ሻማ ሲቆረጥ ያፏጫል፤ ይህ ስኳር እንደሚቆረጥም ጥርስ ነበር የሚለው። ውስጡን ስናየው ንብርብሩ ደብዝዞ እንደ ስኳር ቅንጣት ቅንጣት ሆኗል። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ሁለት ዓመት ያህል ለፋሁበት፤ አለሰለስኩ፣ ዱቄት አወጣሁ፣ ዱቄቱ ዕድሜ ወደሚለካበት ውጭ አገር ተላከ። መልሱ ሲመጣ ከላይ ያለው ንብርብር ከታች ካለው ይበልጥ ያረጀ ሆኖ ተገኘ። የልጅ ልጅ አያቱን በዕድሜ በለጠ ማለት ነው። ድንጋዩ ጥግ ላይ ወድቆ በኖረበት ዘመን ሁሉ ውሃ ሲያጥበው፣ ዩራኒየሙን ጠርጎ ወስዶታል። ሰዓቱ ውሃ ገብቶበት ቆሟል። ማንም ያጠፋው ጥፋት የለም፤ ግን ድንጋዩ ተቆርጦ አልቋል፣ ወደ ቦታው አይመለስም። በሥራ ምክንያት ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩን በሰው መላክ ይቻል ነበር። ጋሽ በየነ እንቢ አሉ። «ቃል የሰጠነው ለድንጋዩ አይደለም» አሉ። «ባዶ እጅም ቢሆን እጅ ነው፣ ይዘነው እንሄዳለን።»

ሄድን። መንገዱን ሙሉ የማስበው ጠብታውን ነበር። እንደ ፈራሁትም ሆነ፤ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ጠብታው ይበልጥ ሳስቶ ጠበቀን። ሞላ የሚባል ጎልማሳ ገበሬ፣ ማሳው ከምንጩ ሥር ያለ ሰው፣ ዋሻው ደጃፍ ላይ ቁሞ ሰላምታችንን እንኳ ሳይመልስ ውሃው የሸሸው እናንተ ድንጋዩን ከነቀላችሁ ወዲህ ነው አለን። ወድቆ የነበረ ነው ብል ሌባ ሁሉ እንደሱ ይላል። ጋሽ በየነ ኮፍያቸውን አውልቀው ለአባ ኪሮስ አንድም ነገር ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው፤ ለፋን፣ አልሆነም፣ ድንጋዩ ምንም አልነገረንም።

አባ ኪሮስ ፈገግ አሉ። «እንደኔው አርጅቶ ዕድሜውን ረስቷል በሉኛ» አሉ። ከሞላና ከሌሎቹ ጋር ዘወር ብለው ብዙ ተነጋገሩ። ሲመለሱ በጣታቸው ወደ ቆመው ሻማ አመለከቱ። «የተኛ ሽማግሌ ነበር የጠየቃችሁ። ይኸኛው ቁሞ ያለ ነው፤ እሱን ጠይቁት። ብቻ እንዳትጥሉት።»

ያልጠበቅነው ነው። ጋሽ በየነ ሕያው ሻማ አይነኩም፤ አሁን ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ጠይቁት አሉ። እንደ ጣት የቀጠነ ዘንግ ብቻ በእጅ መሰርሰሪያ ከአናቱ ወደ ታች ልናወጣ ተስማማን። ጋሽ በየነ ገንቦውን በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ ዝቅ ብለው፣ ንጹሕ ቦታ ፈልገው አስቀመጡት። ቀኑን ሙሉ ስንሰረስር ዋልን። ዘንጉን ከነቀስቱ በጥጥ ጠቅልዬ፣ ቀዳዳውን በተቦካ ኖራ ደፈንኩና ገንቦውን ወደ ቦታው መለስኩት። በእጄ። ራቅ ብሎ ጣሪያው ሌላ ቦታ ላይ ከሚያንጠባጥብበት፣ ማንም ዕቃ ከማያስቀምጥበት ሥር የተሰበረች አንዲት ትንሽ ሻማም አገኘንና ይዘናት መጣን። እሷን መሳቢያ ውስጥ ጥዬ ረሳኋት።

ዘንጉ እንደ ጥሩ ሻማ አፏጨ። ሰዓቱም ይሠራ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች ዕድሜው በተራው ወረደ። ውስጡ ሁለት ክፍተት ተገኘ፣ ማለት ሻማው ማደግ ያቆመባቸው ሁለት ቦታዎች። አንዱ ታች ነው፣ በበረዶው ዘመን መጨረሻ ላይ፤ ከሱ በፊት ያሉት ንብርብሮች በፍጥነት እየሳሱ ሄደው ቀጥ ይላሉ፣ ክፍተቱም ነፋስ ባመጣው ደቃቅ አቧራ ተሞልቷል። ሌላው ከላይ ነው፣ ልክ አናቱ ላይ፣ ከአባ ኪሮስ አያት ቅድመ አያቶች ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚደርስ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። አብረውን የሚሠሩት የውጭ አገር ሰዎችም በላስታ በቅርብ ዘመን ያልታወቀ ከባድ ድርቅ ተገኘ ብለው ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀመሩ። ጋሽ በየነ ብቻ ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል እያሉ ያመላልሱናል፤ እኔ ደግሞ በልቤ አሁንስ አበዙት እላለሁ። በዚያው ሰሞን ጦርነቱ መጥቶ ወደ ላስታ የሚወስደው መንገድም ስልኩም ተዘጋ። የቤተሰቦቼን ድምፅ ሳልሰማ የቆየሁበትን ያን ጊዜ ማስታወስ አልወድም። ለአባ ኪሮስ ግን ምንም ሳንነግራቸው ቀረን፤ አሁን ሳስበው እንኳንም ቀረን።

በክረምቱ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ የላቦራቶሪያችን ጣሪያ ያፈስ ጀመር። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ አምጥታ ከሚያፈሰው ሥር አስቀምጣ ሄደች። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቆይቶ ባልዲው ሲሞላ ልደፋው አነሣሁት። ከሥሩ ያለው ወለል ደረቅ ነው። ውጭ ሰማይ ተቀዶ ይወርዳል፣ ባልዲው የነበረበት ክብ ቦታ ግን አቧራው እንኳ አልረጠበም። ባልዲውን እንደ ያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ጋሽ በየነ» አልኩ፣ «ገንቦው።»

እሳቸው ባልዲውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዘንግ አዩ። ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሻማውን ያደረቀው ድርቅ አይደለም። ጠብታው ሳይቋረጥ ይወርድ ነበር፤ የሚወርደው ግን ገንቦ ውስጥ ነው። ትውልድ ሲፈራረቅ እዚያ ቦታ ላይ ገንቦ ሲቀመጥ፣ ድንጋዩ ውሃውን ሳያገኝ ኖሯል። ያን ገንቦ እሳቸው በእጃቸው አንሥተዋል፣ እኔ በእጄ መልሻለሁ፣ ወደ ዋሻውም የወሰደን ገንቦ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጸበል ከሚንጠባጠብበት ሁሉ ሥር ገንቦ ሲቀመጥ እያየሁ ስላደግሁ፣ ገንቦው ለዓይኔ የዋሻው አካል ነው። ለሳቸውም የተከበረ ነገር ስለሆነ ከማክበር በቀር ሌላ አላሰቡም። ጋሽ በየነ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። በነገሥታት ዘመን የጀመረ ድርቅ ያልነው የጸበል ዕቃ ነው።

ሳቃችን ሲያልፍ መሳቢያውን ከፈትኩ። ያቺን የተረሳች ትንሽ ሻማ ሰነጠቅኋት፣ ዱቄቷም ተልኮ ተለካ። ማንም ገንቦ ያላስቀመጠባት ስለሆነች፣ ታላቁ ሻማ ማደግ አቁሟል ባልነው ዘመን ሁሉ ሳታቋርጥ አድጋለች። ጠርዟ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረባት፤ የመጨረሻዎቹ ንብርብሮች እየሳሱ መጥተዋል፣ መሳሳቱም የጀመረው እኛ ዋሻውን ከማወቃችን ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ጽሑፉ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ ባልደረቦቻችን ለጥቂት ሳምንት አኮረፉን፣ ከዚያ ተውት። የታችኛው ክፍተት ግን እንዳለ ጸና። ያኔ ገንቦ የሚሠራ ሰው ገና አልነበረማ።

ከዚያ ጋሽ በየነ ጉልበታቸው ደከመና ቤት ዋሉ። የእኔን መሰርሰሪያ የሚተካ ኮምፒውተር የሚመራው መሣሪያ መጣ፤ ከምሳ በኋላም እጁ አይንቀጠቀጥም። የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። መንገዱም ተከፍቶ ነበርና ቀጥታ አገሬ ገባሁ። የእኅቴ ባል ያንን ተረብ የተናገረው በዚያ ሰሞን ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ወደ ነጭ ውሃ ሄድኩ። አባ ኪሮስ አሉ፤ ዓይናቸው ፈዟል፣ ድምፄን ግን ለዩት። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሳይበተን ዋሻው ደጃፍ ላይ ተሰበሰበ። ሞላም ከኋላ ቆሟል። ጋሽ በየነ ያስለመዱኝን አደረግሁ፤ ምንም ሳልሸፋፍን ተናገርኩ። የገንቦውን ነገር ስነግራቸው ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። የትንሿን ሻማ ስነግራቸው ሞላን እያየሁ ነው የነገርኩት፤ ውሃው መሳሳት የጀመረው እኛ ሳንመጣ፣ ምናልባትም እሱ ሳይወለድ ነው። ሞላ መሬት መሬት አየ። ቆየና ያን ቀን ሰላምታሽን ሳልመልስ ቀርቻለሁ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

«አባ» አልኩ፣ «የጠየቁኝንስ? ቆሞ ያውቃል። አንድ ጊዜ፣ እጅግ በጥንት ዘመን። ሲቆምም ጊዜ አልሰጠም፤ ሲፈስ ያየው ሰው ራሱ ሲደርቅ አይቶታል። ብዙ ትውልድ ደርቆ ቆየ። ከዚያ ተመለሰ።»

አባ ኪሮስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያን ጊዜ እዚህ ሰው ነበረ?» አሉ።

«በዚህ አገር ሰው ነበረ፣ አባ።»

«ወዴት ሄደው ይሆን?»

አላውቅም አልኳቸው። ድንጋዩ የሚያውቀው የውሃውን ነው፣ የሰዉን አይደለም። አሁንም ይቆማል ወይስ አይቆምም ቢሉኝም አላውቅም፤ የማውቀው ሊቆም እንደሚችልና ሲቆም እንደማይጠብቅ ብቻ ነው። ይህን ያህል ዘመን አስጠብቄ ያመጣሁላቸው መልስ ግማሹ ይኸው አላውቅም ነው።

መጀመሪያ የተናገረው ሞላ ነው። እንግዲያስ ውሃው እያለ ነው መሥራት ያለብን፣ የክረምቱን ጎርፍ የሚይዝ ኩሬ ከዚህ በታች እንቆፍራለን አለ። ሌሎቹ ወዲያው የቦታውን ነገር መከራከር ጀመሩ፤ የእሱ ማሳ ይሻላል፣ የለም ከዛፉ ወዲህ ይሻላል። ጋሸና ስለ መውረድ ያነሣ ሰው አልሰማሁም። በውስጤ የነበረው ነገር ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ፣ ደስ አለኝ።

አባ ኪሮስ ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ሻማውን እየዳበሱ እስከ አናቱ ደረሱ፣ ገንቦውን ከነሣሩ አነሡትና ለእኔ ሰጡኝ።

«ሰንበት ሰንበት እኛ አንቀዳም» አሉ። «ለሱ ይሁን። የኛንም ዘመን ይያዝልን።»

ገንቦውን ታቅፌ ቆምኩ። ጠብታው እስኪመጣ ቆየ፤ ከጣሪያው ላይ አብጦ፣ አብጦ፣ ወረደና እኔ የደፈንኩት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አረፈ። እዚያ ቦታ ስንት ዘመን ያላረፈ ውሃ ነው። የሚተወው ኖራ በማንም መሣሪያ የማይታይ ነው፤ እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ።

ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጥቼ ለጋሽ በየነ ደወልኩ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ የሞላን እጅ፣ የኩሬውን ክርክር፣ በመጨረሻም ገንቦው እንደ ተነሣ። ያን አንድ ጥያቄያቸውን ጠበቅሁት። አልመጣም። «እንግዲህ ማደግ ጀመረ» አሉኝ።